እርጥብ ጨርቅ

ጨርቁ ደርቆ ይሆን?

ሚጡ ከጠዋት ጀምሮ ሌላ ሐሳብ የላትም። አጠገቧ የተቀመጡት ጎረቤት እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው የእናቷን ደግነት ያወሩላታል፤ እሷም «እውነት ነው፣ እውነት ነው» እያለች ራሷን ትነቀንቃለች። ዓይኗ ግን በጎረቤትየዋ ትከሻ ላይ ተሻግሮ፣ በመስኮቱ ወጥቶ፣ ግቢውን አቋርጦ የእናቷ የሥራ ክፍል በር ላይ ተተክሏል። ነፋስ አለ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እንዲህ ባለው ቀን የረጠበ ጨርቅ እስከ ምሳ እንኳ አይቆይም።

እናቷ ቀራጺ ነበረች። ከዚያ በር ጀርባ፣ ባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ፣ በእርጥብ ጨርቅና በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ የጭቃ ሥራ ትታ ነው የሞተችው። የዚያን ዕለት ጠዋት ጨርቁን አርጥባ፣ በሩን ዘግታ፣ «ልቤን ትንሽ ከበደኝ» ብላ ጋደም አለች፤ እንደተጋደመች ቀረች። ጭቃ ደግሞ ሐዘን አያውቅም። ካልረጠበ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ውስጡ እንደ አጥንት የቆመው ብረት ግን ስለማይኮማተር ጭቃው ይሰነጠቃል። ይህን ለለቀስተኛ ማስረዳት አይቻልም። «ይቅርታ፣ የእናቴ ሥራ እየደረቀብኝ ነው» ተብሎ ከሐዘን ወንበር አይነሳም።

ሚጡ ተነሳች።

«ወዴት ነው?» አለች አክስቷ።

አክስቷ የእናቷ ታላቅ እህት ናት፤ የሐዘኑን ቤት የያዘችውም እሷ ናት። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ሻይ መቼ እንደሚወጣ፣ ማን ሲመጣ ጮክ ተብሎ እንደሚለቀስ የምትወስነው እሷ ስለሆነች፣ ሞት ራሱ አስፈቅዷት የገባ ይመስላል።

«መጸዳጃ ቤት።»

«አሁን ሄደሽ አልነበር?»

«ሻይ አበዛሁ።»

አክስቷ ከላይ እስከ ታች አየቻትና «ቶሎ ነይ፤ ሰው ይጠይቃል» አለች። ሚጡ በጓሮ በር ወጥታ ግቢውን በሩጫም በእርምጃም ባልሆነ አካሄድ አቋረጠችው።

ክፍሉ ውስጥ የጭቃና የዛገ ብረት ሽታ ተቀበላት። የእናቷ ሽታ ይህ ነበር፤ ሽቶ ብትቀባ እንኳ ከሥሩ ይህ ይወጣል። መርጫውን ሞላች፣ ላስቲኩን ከአናቱ ብቻ ከፈት አድርጋ ጨርቁ ላይ ረጨች። ጠርዙ ደርቆ ኖሮ ውኃውን በአንዴ ጠጣው፤ ደግማ ረጨች። ጨርቁን ግን አልገለጠችም። በዚህ ቤት ያላለቀ ሥራ አይገለጥም፤ ከሠሪው በቀር የማንም ዓይን አያየውም። ልጆች ሳሉ ታላቅ ወንድሟ አንዴ ገልጦ አይቶ፣ ሳምንቱን ሙሉ ጭቃ ሲያቦካ ከርሟል።

እናቷ ስለ ሥራ ያወጣችው ሕግ ብዙ ነበር። ክፍሉን ሳትጠርግ ጭቃ አትነካም። «ስሜቱ አልመጣልኝም» የሚል ሠዓሊ ወይም ደራሲ ስትሰማ ትስቅና «እኔ በሰዓቴ እዚሁ ነኝ፤ እሱ ከፈለገ ይምጣ» ትላለች። ጠዋት የሠራችውን ከምሳ በኋላ ታፈርሰዋለች፤ ስታፈርስ ታንጎራጉራለች፣ ስትሠራ ትሳደባለች። ሚጡን ከሁሉ የሚያበሳጫት ግን የማቆሚያ ሰዓቷ ነበር። እጇ ሲሞቅ፣ ሥራው ሲጣፍጥ፣ አፍንጫው ልክ አፍንጫ መሆን ሲጀምር፣ እጇን ታጠበች ማለት ነው።

«አሁን እኮ መጣልሽ!» ትላለች ሚጡ፣ ያኔ ገና ጭቃ መንካት የጀመረች ልጅ።

«ስለመጣልኝ ነዋ። ሲያልቅብኝ ካቆምኩ ነገ በምን ልጀምር ነው? ነገ ስመጣ የምይዘው ጫፍ ያስፈልገኛል።»

ከዚያ ጨርቁን ታርሳለች፣ ትጨምቃለች፣ ሥራዋን እንደ ሕፃን ትጠቀልለዋለች። ሚጡ ይህን አይታ ነው ያደገችው።

ወደ ወንበሯ ስትመለስ እጅጌዋ ርሶ ነበር። ሰው ሁሉ እንባ የጠረገችበት መሰለው፤ ጎረቤትየዋም ይበልጥ አዘኑላት። ሚጡ አፈረች። ከዚህ ይበልጥ የሚያሳፍራት ግን ሌላ ነው። ጎረቤትየዋ ሲያለቅሱ አገጫቸው ላይ የምትንቀጠቀጥ ትንሽ ጡንቻ አለች፤ ከከንፈር ጥግ ተነስታ ወደ ውስጥ ትገባለች። ሚጡ ያቺን ጡንቻ ስትከተል ቆየች። በየትኛው መሣሪያ ትወጣለች? በጣት ነው በእንጨት ቢላ? ጣቶቿ ደግሞ ሳታዛቸው ከሻዩ ጋር ከቀረበላት ዳቦ ለስላሳውን ቆርሰው ያድበለብላሉ፤ ዝቅ ብላ ስታይ ጭኗ ላይ ባቄላ የምታህል የዳቦ ራስ ተቀምጣለች። ቶሎ ዋጠቻት። እናቷ ሞታ እሷ የሰው አገጭ ታጠናለች። ምን ዓይነት ልጅ ናት?

አባቷ የተቀበረ ዕለት እናቷ ስቅስቅ ብላ እያለቀሰች ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብላ፣ «አጎትሽ ሲያለቅስ አንገቱን አየሽው? ገመድ ገመድ ሲል» አለቻትና ለቅሶዋን ቀጠለች። ያን ጊዜ ሚጡ እናቷን ልትጠላት ምንም አልቀራት። አሁን ያቺን ሹክሹክታ መልሳ ብትሰማት የማትሰጠው ነገር የለም።

ከሰዓት በኋላ ነሐስ አፍሳሹ ሽማግሌ መጡ። የእናቷን የጭቃ ሥራዎች ለዓመታት በነሐስ ሲያፈሱ የኖሩት እሳቸው ናቸው፤ እሳት የላሰው ፊታቸውን በመሐረብ ሸፍነው ረጅም ጊዜ አለቀሱ። ሲረጋጉ ስለ እሷ ማውራት ጀመሩ።

«ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ምንም አላመጣችልኝም» አሉ። «እጇም መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ‹ምነው ጠፋሽ?› ስላት፣ ‹ቤት ውስጥ የያዝኩት አለ› ትለኛለች። ‹መቼ ያልቃል ታዲያ?› ብዬ ስጠይቃት፣ ‹ማለቁ በእኔ እጅ አይደለም› አለችኝ።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ታውቋት ነበር ማለት ነው አለ አንዱ። ቅዱስ ሰው ሞቱን ያውቃል አለ ሌላው። በሕይወት ሳለች አንድም ሰው ቅዱስ ብሏት አያውቅም፤ ስትሳደብ የሰማት ሁሉ ግን እንባውን ጠረገ።

ነገሩን ከደመና ላይ ያወረደችው አክስቷ ናት። «እንግዲህ ሚጡ አለች አይደል? እሷም የዚሁ ሙያ ልጅ ናት። የእናትዋን ሥራ ትጨርሳለች።»

ዓይን ሁሉ ወደ ሚጡ ዞረ። ነሐስ አፍሳሹ፣ ካለቀ ያለ ምንም ወጪ አፈሰዋለሁ፣ መቃብሯም ላይ ይቆማል አሉ።

«አልችልም» አለች ሚጡ።

«ምን ማለት ነው አልችልም? ያው እጅሽ የእሷ እጅ አይደል?» አለች አክስቷ።

ይህ ነበር ችግሩ።

ሚጡ የእናቷን ቤት ጥላ የወጣችው ስለ አንድ ጆሮ ነው። ወንድሟ ሊያገባ ሲል ሳታስቀምጠው፣ ሳትነግረው፣ ከትዝታ ብቻ የራሱን ምስል በጭቃ ትሠራለት ነበር፤ ለሰርጉ ስጦታ። በሕይወቷ እንደዚያ የተሳካላት ሥራ አልነበረም። ግንባሩ መጣ፣ ከዚያ ያ የማይስቅ መስሎ የሚስቀው አፉ መጣ። አንድ ቀን እናቷ እንዳስተማረቻት ጣፋጩ ላይ አቁማ፣ ጠቅልላ ወጣች። በነጋው ስትገልጠው ግራ ጆሮው ሌላ ሆኗል። ጫፉ እንደ መጽሐፍ ገጽ ታጥፏል፤ ጭቃው ላይ የእናቷ አውራ ጣት አለ።

«ማን ነካው?»

«እኔ» አለች እናቷ፣ መሣሪያ እየጠረገች። «ጆሮው እንደሠራሽው አይደለም። ታጥፎ ነው የተወለደው።»

«ገና አላለቀም እኮ! ራስሽ አይደለሽ እንዴ ያላለቀ ሥራ አይገለጥም የምትይ?»

«የወለድኩት ጆሮ ነው። ሲሳሳት ዝም ብዬ ልይ?»

ሚጡ ጆሮውን በአምስት ጣቷ ይዛ ከነሥሩ ገነጠለችው፣ ወለሉ ላይ ፈጠፈጠችው፣ ወጣች። ለሰርጉ የወጥ ቤት ዕቃ ገዝታ ሰጠች። ወንድሟ በምን እንደተጣሉ ሲጠይቅ ሁለቱም «በሥራ ነው» ብለው ዘጉት።

ከዚያ ወዲህ ሚጡ የምትሠራው ጄሶ ቤት ነው፤ ለጣሪያ ጌጥ የሚሆን አበባ ከቅርጽ ማውጫ ታወጣለች። ሁሌ ያው አበባ፣ ያው አምስት ቅጠል። የማንም ጣት አይገባበትም፤ የሷም ጭምር። ቤቷ ውስጥ አልፎ አልፎ ጭቃ ታቦካለች። ትጀምራለች፣ ፊቱ ሊመጣ ሲል ከኋላዋ ሰው የቆመ ይመስላታል፤ ዘወር ስትል ማንም የለም፣ ስትመለስ ግን ፊቱ ሄዷል። ጨፍልቃ ወደ ባልዲው ትመልሰዋለች። ከእናቷ ጋር በስልክ ስለ ጤና ይነጋገራሉ፣ ስለ አየር ጠባይ ይነጋገራሉ። ጭቃ የሚለው ቃል ከሁለቱም አፍ ወጥቶ አያውቅም። አሁን ደግሞ ሞታ ሳለች በሥራዋ ላይ እጅሽን አስገቢ ይሏታል። በእሷ የተደረገውን በእናቷ ልታደርግ ነው፤ እናትየው ደግሞ ተነስታ «ማን ነካው?» ማለት አትችልም።

በማግስቱ ከሥራ ክፍሉ ስትወጣ ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት። የሒሳብ መምህር ነው፤ ሐዘኑንም እንደ ሒሳብ በዝምታ ነው የያዘው። መርጫውን ከእጇ ላይ አየ።

«ተይው፣ ይድረቅ» አላት።

«ይሰነጠቃል እኮ ጋሼ።»

«ይሰንጠቃ። ይሄን ጭቃ ታውቂያለሽ እኔ እንዴት እንደምጠላው? ልጄ ስትወለድ ‹እማዬ፣ እኛ ጋ ትንሽ ተቀመጪ› ብዬ ለመንኳት። ጠዋት መጥታ ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። ‹ማን ያረጥብልኛል?› አለችኝ። እሷ ራሷ ስትታመም እኛ ጋ ኑሪ አልኳት፤ ‹ማን ያረጥብልኛል?› የልጅ ልጇ እዚያ ስታለቅስ ይህንን ታጠጣ ነበር።» አልፏት ወደ ክፍሉ ገባ። «ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር አልጨረሰች፣ አንድ ቀን አላደረችልኝ።»

እጁን ወደ ላስቲኩ ሲዘረጋ ሚጡ ክንዱን ያዘችው። እንዲህ ተያይዘው ትንሽ ቆዩ፣ ልጆች ሳሉ በር ላይ ሲታገሉ እንደነበረው።

«ወይ ጨርሺው ወይ ይድረቅ» አላት በመጨረሻ። «አልነካውም፣ አልተወውም ብሎ ነገር የለም። ይሄማ የእሷ ሕይወት ነው፤ እሷን እንኳ አልጠቀማት።»

ያን ቀን ሚጡ ሻይም አልወረደላትም። ወንበር ላይ ስትቀመጥ መነሳት ያምራታል፣ ስትነሳ የምትሄድበት የለም። ሰው ሲያጽናናት የሚለውን ሳይጨርስ «አሜን» ትላለች። ወንድሟ ያለው ስለ ጭቃው ብቻ እንዳልሆነ ገብቷታል። ጄሶ ቤቱም፣ ባልዲው ውስጥ የተጨፈለቁት ፊቶችም ያው አልነካውም አልተወውም ናቸው።

ለቀስተኛው እየሳሳ ሄደ። ከጎረቤት የመጡት ወንበሮች ወደየቤታቸው መመለስ ጀመሩ። አክስቷ፣ ከሩቅ የመጡት ዘመዶች ሳይበተኑ የመጨረሻ ሥራዋን ዛሬ ይዩት አለች፤ እሷ ካለች አለች ነው። ሚጡ «መጀመሪያ ብቻዬን ልየው» ብላ ወጣች። ቁርጡን ወስናለች። ትገልጠዋለች፣ ጣቷን አታሳርፍበትም፣ ይድረቅ፤ ቢሰነጠቅም የእናቷ ስንጥቅ ይሁን።

መጀመሪያ ክፍሉን ጠረገች። ለምን እንደጠረገችው አላወቀችም።

ላስቲኩን አነሳች። ጨርቁን ከአናቱ ጀምራ ቀስ ብላ ላጠችው። ፀጉር መጣ፣ ግንባር መጣ፤ እጇ ቆመ። የእናቷ አውራ ጣት ጭቃ ላይ ከላይ ወደ ታች ነው የሚሄደው። ይህ ወደ ጎን የተገፋ ነው። ወደ ጎን የምትገፋው እሷ ናት።

የቀረውን ጨርቅ በአንዴ ሳበችው።

የወንድሟ ፊት ነበር። ሥራዋ ነበር። ያ የማይስቅ መስሎ የሚስቀው አፍ ትታው እንደሄደችው አለ፤ አንድም ነገር አልተጨመረበትም፣ አንድም ነገር አልተቀነሰም። በግራ በኩል ጆሮው የለም። በቦታው የተገነጠለበት ቁስል አለ፤ የአምስት ጣቷ ምልክት ትናንት የተደረገ ይመስል ለስልሶ፣ ረጥቦ ይታያል። እናቷ ጠዋትና ማታ እያረጠበች ሁለት ዓመት ያኖረችው ይህንን ነው። ያቺ የተሳሳተ ነገር አይታ ማለፍ የማትችል ሴት፣ ጆሮ በሌለው የልጇ ፊት አጠገብ በየቀኑ ቆማ፣ ጣቷን ሰብስባ፣ ጨርቁን ብቻ አርሳ ትወጣ ነበር። ማለቁ በእኔ እጅ አይደለም ያለችው ይህንን ነው።

ሚጡ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና እናቷ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የማንንም አገጭ ሳታይ አለቀሰች።

ወንድሟ በለቅሶዋ ድምፅ ደንግጦ ገባ። እሷን ለማንሳት ጎንበስ ሲል ከራሱ ፊት ጋር ተፋጠጠ።

«ይሄ… እኔ ነኝ?»

«አንተ ነህ። ለሰርግህ እየሠራሁት ነበር።»

«ጆሮዬስ?»

ሳቅ አመለጣት፣ ከእንባው ጋር ተደባልቆ። «እሱ ነው ያጣላን።» ሁሉንም ነገረችው፤ የታጠፈውን ጫፍ፣ የገነጠለችውን፣ የወጥ ቤት ዕቃውን። እሱ እየሰማ በርጩማው ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«እና እዚህ ቁጭ ብላ ስታጠጣ የኖረችው እኔን ነው?» አለ። «እኔ ደግሞ በገዛ ራሴ ስቀና።»

ሚጡ ተነሳች፣ ፊቷን በእርጥብ እጇ አበሰች፣ ባልዲው ውስጥ እጇን ከትታ እፍኝ ጭቃ አወጣች። ጭቃው የተቦካ ነበር። እሱንም እናቷ ለሷ ስታቦካ ነው የኖረችው።

«ወደ መስኮቱ ዞር በል» አለችው።

ዞረ። ብርሃኑ ግራ ጆሮው ላይ ወደቀ። አብራው አድጋ አይታው የማታውቀው ጆሮ ነበር። ጫፉ ታጥፏል፤ ልክ እናቷ እንዳጠፈችው፣ ምናልባት ትንሽ ወደ ኋላ።

«ልክ ነበርሽ» አለች ጮክ ብላ፣ ለወንድሟ ሳይሆን። «ግን ያንቺ አልነበረም።»

ልክ መሆኗ አሁንም ያናድዳታል። እየተናደደች ጭቃውን ቁስሉ ላይ አሳረፈችው፤ የድሮ ጣቶቿ በአዲሶቹ ሥር ገቡ። ከኋላዋ ሰው የቆመ መሰላት። ዘወር አላለችም፤ ፊቱም አልሄደም። ወንድሟ መተንፈስ የተከለከለ ይመስል ቁጭ ብሏል። መጀመሪያ ሥሩ መጣ፣ ከዚያ ጠርዙ፤ ጫፉ መታጠፍ ሲጀምር እጇ ሞቀ። ከግቢው የአክስቷ ድምፅ ተሰማ፤ ዘመዶቹ እየጠበቁ ነው፣ ይገባሉ ወይስ አይገቡም?

«አይገቡም» አለች ሚጡ። እጇን ከጭቃው ላይ አነሳች።

ወንድሟ ዘወር ብሎ አየው። «አላለቀም እኮ። አሁን ነው የመጣልሽ።»

«አዎ። የቀረው ነገ ነው።»

ተመለከታት፤ ምን ማለቷ እንደሆነ ገባው፣ እሱም በዚያው ቤት ነው ያደገው። ተነስቶ ሳፋው አጠገብ ሄደ። ያን የሚጠላውን ጨርቅ ውኃ ውስጥ ነከረው፣ ሲጨምቀው ግማሹ በሐዘን ጫማው ላይ ፈሰሰ። ከዚያ መጥቶ በራሱ ፊት ላይ አለበሰው፣ ጆሮው ጋ ሲደርስ በመዳፉ ቀስ አድርጎ ነካ ነካ አደረገው። በደንብ አልጨመቀውም፤ አንዱ ጫፍ ረዝሟል፣ አንዱ አጥሯል። ሚጡ ልታስተካክለው እጇን ሰደደች፣ መለሰችው። ላስቲኩን ብቻ አቀበለችው።